የመኪና አምፕሊፋየርን በኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ቤት ውስጥ ማሠራት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም በአንድ ጉዳይ ላይ የተጻፉ ሦስት ደብዳቤዎችን አንድ ላይ አቅርበናል። የመጀመሪያው ብዙ ሰው የሚገጥመውን ችግር በዝርዝር ስለሚያነሣ ሰፊውን ቦታ የሰጠነው ለእርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአሮጌ የቤት መኪና የወጣ ባለሁለት ቻናል አምፕሊፋየር አለኝ፤ ካርቶኑ ላይ 800 ዋት ይላል፣ ጎኑ ላይ ያለው ፊውዝ ደግሞ 25 አምፔር ነው። ከኮምፒዩተር ያወጣሁት ባለ 350 ዋት ፓወር ሰፕላይም አለኝ፤ ተለጣፊው በ12 ቮልት መስመር 16 አምፔር እንደሚሰጥ ይገልጻል። አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር አገናኝቼ፣ ቢጫውን በአምፑ ፖዘቲቭና ሪሞት በሚባለው ማሰሪያ ላይ አስሬ ሶኬት ላይ ስሰካው ፋኑ አንድ ጊዜ ብቻ ይንቀሳቀስና ወዲያው ይቆማል። አምፑን ስፈታው ግን ፓወር ሰፕላዩ ያለ ችግር ይሠራል። አንዱ ጓደኛዬ አምፑ ተቃጥሏል ሲለኝ ሌላው ፓወር ሰፕላዩ አይችለውም ይላል። ማንኛቸው ናቸው ትክክል? በመኪና ላይ እንደሚደረገው ባለ አንድ ፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚለቅ ዕቃ) ብጨምርበትስ ይጠቅመኛል?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገለጹት ምልክት ከሁለቱም ጓደኞችዎ ግምት ይልቅ ወደ ሌላ ምክንያት ያመለክታል። የመኪና አምፕሊፋየር የሚያገኘውን 12 ቮልት ወደ ከፍ ያለ ቮልቴጅ የሚቀይር ክፍል በውስጡ አለው፤ ከዚያ ክፍል በፊት፣ ልክ በመግቢያው ላይ፣ ሲደመሩ ብዙ ሺህ ማይክሮፋራድ የሚሆኑ ካፓሲተሮች ተደርድረዋል። ባዶ ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ባገኘበት የመጀመሪያ ቅጽበት ሾርት ካደረገ ሽቦ የማይተናነስ ኮረንቲ ይስባል። መኪና ላይ ይህ ነገር አይታወቅም፣ ምክንያቱም ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ለአፍታ ለመስጠት አይቸገርም። የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ግን ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ በሚነሣበት ቅጽበት ባዶ ካፓሲተር ሲገጥመው ሾርት እንደተፈጠረ ቆጥሮ ይዘጋል። አንዴ ከዘጋ በኋላም ብዙውን ጊዜ ከሶኬት ተነቅሎ ጥቂት ካልቆየ በቀር ዳግም አይነሣም።

በዚህ ላይ ሪሞቱን ከቢጫው ሽቦ ጋር በቀጥታ ማሰርዎ ችግሩን አባብሶታል። ሪሞት አምፑ ሥራ እንዲጀምር ትእዛዝ የሚቀበልበት ማሰሪያ ሲሆን፣ መኪና ውስጥ 12 ቮልቱን የሚያገኘው ከቴፑ በሚመጣ ሰማያዊ ሽቦ ነው፤ ስለዚህ አምፑ የሚነሣው ካፓሲተሮቹ ቀደም ብለው ከሞሉ በኋላ ነው። እርስዎ ዘንድ ግን ካፓሲተሮቹ ሊሞሉ፣ አምፑ ሊነሣ፣ ፓወር ሰፕላዩም ራሱን ሊያረጋጋ የሚሞክሩት በአንድ ቅጽበት ሆነ።

ሆኖም ግን አምፑ አለመቃጠሉን አስቀድሞ ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ከሁሉም ሽቦ ነጻ ያድርጉትና ቴስተርዎን ኦም ላይ አድርገው ቀዩን ጫፍ በፖዘቲቩ፣ ጥቁሩን በኔጌቲቩ ማሰሪያ ላይ ያስነኩ። ጤነኛ ከሆነ ቁጥሩ ከዝቅተኛ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ከፍ ይላል፤ ይህም ካፓሲተሮቹ በቴስተሩ ባትሪ ሲሞሉ የሚታይ ነው። ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ ቆሞ ከቀረ ግን በውስጡ ያሉት የኃይል ትራንዚስተሮች ወይም መከላከያ ዳዮዱ ሾርት አድርገዋል ማለት ነውና ከዚህ በታች ወዳለው አይሂዱ።

መፍትሔው ካፓሲተሮቹን በዝግታ መሙላት ነው። ከፓወር ሰፕላዩ ወደ አምፑ በሚሄደው የፖዘቲቭ መስመር ላይ ባለ 10 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር ያስገቡ። ሬዚስተሩ የሚያልፈውን ኮረንቲ ከ1.2 አምፔር በላይ እንዳይሆን ስለሚገድበው ፓወር ሰፕላዩ አይደነግጥም፣ ካፓሲተሮቹም ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይሞላሉ። ከዚያ በኋላ ሬዚስተሩን የሚያልፍ ቀጥተኛ መንገድ መከፈት አለበት፤ ለዚህ የሚመቸው በየመለዋወጫ ሱቁ የሚገኘው ባለ 30 አምፔር የመኪና ሪሌይ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። 30 እና 87 የተባሉትን እግሮቹን በሬዚስተሩ ሁለት ጫፎች ላይ ያስሩ፤ 85ን ከጥቁሩ ሽቦ፣ 86ን ደግሞ በትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ከቢጫው ጋር ያገናኙ። ሪሞቱም የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ይኑረው። ሲያበሩ ፓወር ሰፕላዩ ይቀድማል፤ አንድ ሁለት ሴኮንድ ቆይተው ሪሌዩን፣ በመጨረሻ ሪሞቱን ያበራሉ። ሲያጠፉ ሪሞቱን ካስቀደሙ ስፒከሩ ላይ የሚሰማው ድንገተኛ ድምፅም ይቀርልዎታል። ሪሌዩ ሳይበራ ሪሞቱ ከበራ አምፑ በሬዚስተሩ በኩል ሊሠራ ይሞክራል፣ ሬዚስተሩም ክፉኛ ይግላል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግዴታ ነው።

ፓወር ሰፕላይዎ በ5 ቮልት መስመሩ ብዙ አምፔር፣ በ12 ቮልቱ ግን 16 ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ከቀድሞዎቹ ስሪቶች አንዱ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያሉት ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ ስለሚቆጣጠሩ፣ ቀዩ የ5 ቮልት ሽቦ ባዶውን ቀርቶ ቢጫው ብቻ ሲጫን 12 ቮልቱ ወደ 11 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። ለዚህ የሚሆነው ቀላል ዘዴ በቀዩና በጥቁሩ ሽቦ መካከል ባለ 12 ቮልት፣ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ማሰር ነው። አምፖሉ በ5 ቮልት ደብዘዝ ብሎ እየበራ አንድ አምፔር ያህል ስለሚወስድ መስመሩ ሥራ ያገኛል። አምፖሉ ስለሚሞቅ ከፕላስቲክና ከጨርቅ መራቅ ይኖርበታል። የ5 ቮልቱን ከ12 ቮልቱ ለይተው የሚያመነጩት አዳዲሶቹ ፓወር ሰፕላዮች ይህ አያስፈልጋቸውም። በማንኛውም ሁኔታ አምፑ ድምፅ እያሰማ ሳለ ቢጫውን በቴስተር ይለኩት፤ የዚህ መስመር የተፈቀደ ልክ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ነው።

ምን ያህል ኃይል ያገኛሉ ለሚለው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን 800 ዋት ይርሱት፤ እውነተኛውን የሚነግርዎ ፊውዙ ነው። ሞተሩ ሲሠራ መኪና የሚሰጠው እስከ 14.4 ቮልት ነው፤ በ25 አምፔር ሲባዛ 360 ዋት ይሆናል፣ ይህም የሚገባው እንጂ የሚወጣው አይደለም። ኤቢ የተባለው የተለመደ ዓይነት አምፕ ከሚገባው ወደ ድምፅ የሚቀይረው ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠውን ሲሆን ቀሪው ሙቀት ሆኖ በአሉሚኒየሙ አካል ይወጣል። ስለዚህ አምፑ መኪና ላይ እንኳ ከ200 ዋት ያህል አያልፍም። በእርስዎ ፓወር ሰፕላይ 16 አምፔር በ12 ቮልት ሲባዛ 192 ዋት ነው፤ ተለጣፊው ላይ ያለውን ቁጥር እስከ ጫፍ መጠቀም ስለማይገባ ወደ 150 ዋት ብናወርደው በድምፅ መልክ የሚወጣው 80 ዋት ገደማ፣ ለአንድ ቻናል 40 ዋት ይሆናል።

ይህ ትንሽ ሊመስልዎ ይችላል፤ ለአንድ ክፍል ግን ከበቂ በላይ ነው። በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ተራ ስፒከር 40 ዋት ሲያገኝ 106 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ይህን ያህል ድምፅ በዝግ ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ መስማት ጆሮን ይጎዳል። እንግዲህ የእርስዎ ፓወር ሰፕላይ ለዚህ ሥራ አቅም አያንሰውም፤ ያነሰው በመነሻው ቅጽበት የሚመጣውን ጫና የሚያለዝብለት ነገር ነው።

ከተነሣ በኋላም ከበሮና ቤዝ ሲመታ ሊዘጋ የሚችልበት አጋጣሚ አለ፣ ምክንያቱም ብዙ አምፔር በአንድ ጊዜ የሚጠየቀው ያኔ ነው። ይህን ለመቀነስ ባለ 4 ኦም የመኪና ስፒከር ትተው ባለ 8 ኦም የቤት ስፒከር ቢጠቀሙ አምፑ የሚስበው ኮረንቲ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ለእኛ ከሁሉም የተሻለው ምክር ይህ ነው። አምፑ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያ ካለው ደግሞ 80 ኸርዝ አካባቢ ላይ ያብሩት፤ ትንንሽ ስፒከሮች ያንን ቤዝ በአግባቡ ስለማያወጡት ኃይሉ በከንቱ ከመባከን ይድናል። ሁለቱን ቻናሎች አጣምሮ ለአንድ ሰብዉፈር (ትልቅ የቤዝ ስፒከር) ማሠራትን ግን በዚህ ፓወር ሰፕላይ አይሞክሩት። ጌን የሚለውን መቆጣጠሪያ ዝቅ አድርገው ይጀምሩ፤ ሥራው አምፑን ከስልክዎ ወይም ከቴፑ የምልክት መጠን ጋር ማስማማት ነው እንጂ ድምፅ መጨመር አይደለም።

ሽቦን በሚመለከት፣ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣ አንድ ቀጭን ቢጫ ሽቦ 16 አምፔር ይሸከማል ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው። ለአንዱ ሽቦ ከ5 አምፔር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ቢጫ፣ ያንኑ ያህልም ጥቁር ሽቦዎችን በአንድነት በሶልደር በይደው ከአንድ ሜትር ባልበለጠ ባለ 4 ወይም 6 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ወደ አምፑ ይውሰዱ። በፖዘቲቩ መስመር ላይ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ፤ አምፑ ላይ ያለው ባለ 25 አምፔር ፊውዝ ለመኪና የታሰበ ስለሆነ ይህን ፓወር ሰፕላይ አይጠብቅም። አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች የ12 ቮልት መስመራቸውን ለሁለት ከፍለው 12ቪ1 እና 12ቪ2 ብለው እንደሚጽፉም ልብ ይበሉ፤ ይህ ሲሆን የአንዱን ሽቦዎች ብቻ መጠቀም ይበጃል። እንደ ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ያሉ አምራቾች በአንዳንድ ሞዴሎቻቸው የራሳቸውን መሰኪያ ስለሚጠቀሙ፣ የሽቦው ቀለም ከተለመደው የተለየ ወይም ሁሉም ጥቁር ሆኖ ካገኙት በግምት ምንም ነገር አያገናኙ።

ስለ ካፓሲተሩ የጠየቁት፣ አሁን ባለበት ሁኔታ ችግሩን ብዙ እጥፍ ያባብሰዋል። በሺህ የሚቆጠር ማይክሮፋራድ ያስደነገጠው ፓወር ሰፕላይ አንድ ሚሊዮን ማይክሮፋራድ ማለትም አንድ ፋራድ ሲታሰርበት ከቶ አይነሣም። ከላይ ባልነው ሬዚስተር በኩል ቢሞላ እንኳ ለመሙላት ከ40 እስከ 50 ሴኮንድ ይፈልጋል። ጥቅሙም እንደሚወራው አይደለም፦ ቤዝ ሲመታ 10 ተጨማሪ አምፔር ለአንድ ሴኮንድ አሥረኛ ቢጠየቅ ካፓሲተሩ ያንን ሰጥቶ ቮልቴጁ በአንድ ቮልት ይወርዳል። ይኸውም ለአጭር ምት ይረዳል፣ ለረጅም ቤዝ ግን ምንም አይፈይድም። ለእርሱ የሚያወጡትን ገንዘብ ለሪሌውና ለጥሩ ሽቦ ያውሉት።

በመጨረሻ፣ ከሁሉም በላይ ልናሳስብዎ የምንፈልገው የ220 ቮልቱን ወገን ነው። የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ በፍጹም አይክፈቱ፤ በውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ስለሚይዙ ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም ሰው ሊገድሉ ይችላሉ። የምንናገርለት ሥራ በሙሉ ከቆርቆሮው ውጭ ባሉት ሽቦዎች የሚያልቅ ነው። ሁለተኛው ኧርዝ የሚባለው የመሬት ሽቦ ጉዳይ ነው። በብዙ ቤቶቻችን ሶኬቱ የኧርዝ ቦታ ቢኖረውም ከኋላው ሽቦው የለም፤ እንዲህ ሲሆን ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ቆርቆሮውን ወደ 110 ቮልት አካባቢ ከፍ ስለሚያደርገው ሲነኩት ይነዝራል። የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ጥቁር ሽቦ ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ያ ንዝረት ወደ አምፑ አካል፣ ከዚያም በድምፅ ገመዱ በኩል ወደ ስልክዎ ወይም ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚያማርርበት የማያቋርጥ እምምታም የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ነው። ባለሙያ ጠርተው ለቤትዎ እውነተኛ ኧርዝ ያስተክሉ፤ ንዝረቱን ለማጥፋት ኧርዙን መቁረጥ ግን ሕይወትን የሚያሳጣ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ባሕር ዳር ነኝ። በመኪና አምፕና በኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ የሠራሁት የድምፅ ዕቃ ጥሩ ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥ ግን የመኪና ባትሪ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ ባስረው ምን ይመስልዎታል? ወይስ ሁለተኛ ፓወር ሰፕላይ ብጨምር ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። የሞላ የመኪና ባትሪ ቁጭ ባለበት 12.6 ቮልት አካባቢ ስላለው 12 ቮልት ከሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ይበልጣል፤ ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ ባትሪውን አይሞላውም፣ ባትሪው ግን ወደ ፓወር ሰፕላዩ መግፋት ይጀምራል። ባትሪውን በትክክል ለመሙላት ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ በተፈጥሮው አይሰጥም። ሁለት ፓወር ሰፕላዮችን በትይዩ ማሰርም አይሆንም፣ ምክንያቱም የአንዱ ቮልቴጅ ከሌላው በጥቂቱ እንኳ ከበለጠ ጭነቱ በሙሉ በእርሱ ላይ ይወድቃል። በተከታታይ ማሰር ከዚያ ይብሳል፤ የሁለቱም ጥቁር ሽቦ በቆርቆሮውና በኧርዙ በኩል የተገናኘ ስለሆነ አንደኛው ሾርት ያደርጋል።

እርስዎ ላሉበት ሁኔታ ትክክለኛው መንገድ ፓወር ሰፕላዩን ጨርሶ ማውጣት ነው። አምፑ ሁልጊዜ ከባትሪው ይመገብ፤ ባትሪውን ደግሞ ለዚሁ የተሠራ፣ ሲሞላ ራሱ የሚያቆም ቻርጀር ይሙላው። መብራት ሲሄድ ድምፁ አይቋረጥም፤ አምፑም ለተሠራበት የባትሪ ቮልቴጅ ስለሚቀርብ ከቀድሞው ትንሽ ከፍ ያለ ኃይል ይሰጣል። ይሁን እንጂ ባትሪ እንደ ፓወር ሰፕላይ ራሱን የሚያጠፋ መከላከያ የለውም፤ ሽቦ ሾርት ቢያደርግ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ለቆ ቤት ሊያቃጥል ይችላልና ፊውዙን ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከአንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ ላይ ያድርጉት። ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ መኝታ ቤት ውስጥ ወይም በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አይቀመጥ። የታሸገውን ዓይነት ማግኘት ከቻሉ ለቤት የሚመረጠው እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ነው። ደሴ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ለእንዲህ ያለ ሥራ ፓወር ሰፕላይ እንድልክለት ጠይቆኛል፤ ቤቴ ውስጥ ከአሮጌ ኮምፒዩተሮች የወጡ ሁለት አሉኝ። ማንኛውንም ብልክለት ችግር አለው?

መልስ፦ ሊኖረው ይችላልና ከመላክዎ በፊት ተለጣፊውን ያንብቡ። እርስዎ ያሉበት አገር 120 ቮልት፣ ኢትዮጵያ ደግሞ 220 ቮልት ነው። የመግቢያው ቮልቴጅ ከ100 እስከ 240 ተብሎ የተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ ራሱ ስለሚያስተካክል ያለ ሥጋት መላክ ይቻላል። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ተንሸራታች ማብሪያ ያለበት ከሆነ ማብሪያውን ራስዎ ወደ 230 አዙረው፣ እንዳይነካ በፕላስተር ሸፍነው ይላኩት፤ በ115 ላይ እንዳለ ደሴ ላይ ከተሰካ በዚያው ቅጽበት ይፈነዳል። ማብሪያም የሌለው፣ 115 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ባይልኩት ይሻላል።

ከሁለቱ ለመምረጥ ጠቅላላውን ዋት ሳይሆን በ12 ቮልት መስመር የተጻፈውን አምፔር ያወዳድሩ። ሦስተኛ አማራጭ መግዛት ከፈለጉ ደግሞ ለኤልኢዲ መብራት የሚሸጡት ቀዳዳማ ቆርቆሮ ያላቸው ባለ 12 ቮልት፣ 30 አምፔር ፓወር ሰፕላዮች ለዚህ ሥራ ከኮምፒዩተሩ የተሻሉ ናቸው፤ የ5 ቮልት ጣጣ የለባቸውም፣ በብዙዎቹም ላይ በምትገኘው ትንሽ ብሎን ቮልቴጁን ወደ 13 አካባቢ ከፍ ማድረግ ይቻላል። የ220 ቮልቱ ማሰሪያቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ የሚታይ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ክዳን ሳይደረግለት ሥራ ላይ እንዳይውል ለወንድምዎ አጥብቀው ይንገሩት፤ እነዚህም ቢሆኑ የቮልቴጅ መምረጫ ማብሪያቸው ብዙ ጊዜ በጎናቸው ቀዳዳ ውስጥ ተደብቆ ስለሚገኝ ከመሰካታቸው በፊት መታየት አለበት።